ቁርስ የሚሠራው በበጋ ነው

ስለ ገንፎ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ክርክር ከቤት ቤት አይለያይም። አንዱ ቅቤው መሐሉ ላይ በተበጀው ጉድጓድ ሞልቶ በርበሬው ከላይ ይነስነስበት ይላል፤ ሌላው ቅቤና በርበሬው አስቀድሞ ካልተዋሐደ አይጥመኝም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ እርጎ ዙሪያውን ካልከበበው በስተቀር ገንፎ በላሁ አልልም ብሎ ይሟገታል። ጠጠር ያለውን የሚወድ አለ፤ ለስለስ ብሎ ጣት ሲነካው እሺ የሚለውን የሚመርጥ አለ። እኔም በዚህ ሙግት ውስጥ የማልደራደርባቸው ምርጫዎች አሉኝ። ይሁን እንጂ ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር እየጠነከረ የመጣው እምነቴ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚጀመር መሆኑ ነው። ገንፎው የሚጥም ወይም የማይጥም የሚሆነው ማታ ወይም ማለዳ አይደለም፤ ድስቱ ከመጣዱ ከወራት በፊት፣ ገብሱ ሲለቀም፣ ሲፈተግ፣ ሲታመስና ሲፈጭ ነው። ሌሎቹን የዘወትር ቁርሶቻችንን አንድ በአንድ ባሰብኳቸው ጊዜም ነገሩ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘሁት። የኢትዮጵያ ቁርስ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ማለዳ የሚደረገው ማጠናቀቅ ብቻ ነው።

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ደጋ ነው። እዚያ እህል ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ገብስ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ መንዝ ከፍ ላለ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫም አገር ጤፉ ይቀራል፣ ስንዴውም እየሳሳ ይሄዳል፤ ገብሱ ግን ይጸናል። ስለዚህ እንጀራውም፣ ቂጣውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም፣ በሶውም ከዚያው ከአንዱ እህል ይወጣል። ይህ ማለት ግን ገብስ ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ነጩ ገብስ ለእንጀራና ለገንፎ፣ ጥቁሩ ለጠላ፣ ሰነፍ ገብስ የሚባለው ደግሞ ልብሱ በቀላሉ ስለሚለቅ ለቆሎ እንደሚመረጥ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ ከተደነቀባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የገብስና የስንዴ ዓይነት ብዛት ነበር። በኋላም የገብስን ማሳ ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ ለመቋቋም በካሊፎርኒያ ገብስ ላይ የተዳቀለው ዘረ መል ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ይህን ያህል ዓይነት ተጠብቆ ሊቆይ የቻለው፣ እያንዳንዱ ዓይነት በአንድ ምግብ ስም የሚፈልገው ሰው ስላለው ይመስለኛል። ገንፎ የሚወድ ሰው ባይኖር ለገንፎ የሚሆነውን ዘር ለይቶ የሚያስቀምጥ ገበሬም አይኖርም ነበር።

ሥራው የሚጀመረው መኸሩ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ወዲያ ባሉት ፀሐያማ ወራት ነው። ገብሱ መጀመሪያ ይለቀማል፤ ጠጠሩና እንክርዳዱ ይወጣል። ቀጥሎ ጥቂት ውሃ ተረጭቶበት በሙቀጫ ይፈተጋል። መፈተግ ቀላል ሥራ አይደለም። ዘነዘናው ልብሱን እንጂ ፍሬውን እንዳይሰብር በልክ መውረድ አለበት፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው እየተፈራረቁ ይወቅጡታል። የተፈተገው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በሰፌድ ይበጠራል፤ ልብሱ አልለቅ ካለም ወደ ሙቀጫው ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው።

በእኔ ግምት የገንፎ ጣዕም የሚወሰነው እዚህ፣ ምጣዱ ላይ ነው። ለበሶ የሚሆን ገብስ እስኪበስል ይቆላል፤ ለገንፎ የሚሆነው ግን አመስ ብቻ ነው የሚደረገው። አያቴ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጡም ነበር። ገብሱን በመጥረጊያ እያገላበጡ ሽታው እስኪለወጥ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ አንድ ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ውስጡ ነጭ እንደሆነ ላዩ ብቻ ደረቅ ብሎ ሲያገኙት «በቃ፣ አውርጂው» ይሉ ነበር። ጭራሽ ያልታመሰ ገብስ ገንፎው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ከልክ በላይ የታመሰው ደግሞ አያያዝ የለውም፣ እየተፈረፈረ እጅ ላይ ይቀራል። አመስ የተደረገው እህል እርጥበቱ ስለሚቀንስ ዱቄቱ ሳይሻግት ይቆያል፣ መዓዛውም ይወጣል። እንደ እኛ ያለ ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም እህል ከቆላው ይልቅ ቀስ ብሎ ይበስላል። በምጣድ ሙቀት አስቀድሞ የተነካ ዱቄት በዚህ በማይበረታ ፍል ውስጥ ጥሬነቱን ቶሎ ይለቃል። አያቶቻችን ይህን በቴርሞሜትር ሳይለኩት ደርሰውበታል።

ከምጣዱ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት ነው። የገንፎ ዱቄት እንደ እንጀራው ዱቄት መላም የለበትም፤ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አፍ ውስጥ ይቀራል። ከመጠን በላይ ሻካራ ከሆነም ውሃና ዱቄቱ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ስለዚህ ለባለ ወፍጮው «ለገንፎ ነው» ተብሎ ይነገረዋል፣ እርሱም ድንጋዩን ያስተካክላል። እናቴ ከዚህ በላይ የምትጠነቀቅበት ሌላ ነገር ነበራት፦ ተራዋ በርበሬ ወይም ምጥን ሽሮ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ከሆነ ተራዋን አሳልፋ ትሰጣለች። በወፍጮው ውስጥ የቀረው በርበሬ የገንፎውን ዱቄት ስለሚያቀላው፣ ሕፃናትና አራሶች የሚበሉትን እህል ስለሚያበላሸው፣ ግማሽ ቀን መጠበቅን ትመርጥ ነበር።

ማለዳ የሚቀረው ሥራ እንግዲህ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፤ አጭር ነው ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ውሃው ጨው ተጨምሮበት በደንብ ይፈላል፤ ከፈላው ላይ ጥቂት ተቀንሶ በጎን ይቀመጣል። ዱቄቱ ሲገባ ሁለት መንገድ አለ። አንዳንዶች እየነሰነሱ ወዲያውኑ ያማስላሉ፤ እኛ ቤት ግን ዱቄቱ መሐል ላይ ተከምሮ ይገባና ውሃው በዙሪያው ተንተክትኮ እንዲያልፍበት ጥቂት ተትቶ ከዚያ በኋላ ነው በማማሰያ የሚበረገደው። በሁለቱም መንገድ ፍርሃቱ አንድ ነው፦ እንዳይጓጉል። የዱቄቱ ላይኛ ክፍል ትኩስ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይበስልና ይለጥፋል፤ ያ የበሰለው ሽፋን ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል ደረቅ ዱቄት ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ጉጉሉን የሚሰብረው ጉልበት ነው። ድስቱን በጨርቅ ይዞ፣ ማማሰያውን ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያፋተጉ፣ ክንድ እስኪዝል ማማሰል ነው። ከዚያ የተቀመጠው ፍል ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ ተከድኖ፣ እሳቱ ቀንሶ በእንፋሎት እንዲበስል ይተዋል፤ እንደገና ይማሰላል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው በዚህ የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው። ገንፎው አንድ ዓይነት መስሎ ከታየ በኋላም ቢሆን በእንፋሎቱ ውስጥ ጥቂት ካልቆየ የዱቄት ጣዕም አይለቀውም።

ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሰዎች የሚከራከሩበት ክፍል ነው። ሳህኑ ወይም ጣባው ቅቤ ይቀባል፤ ገንፎው ገብቶ እየተንቀሳቀሰ ድቡልቡል ይሆናል፤ መሐሉ ይጎደጉዳል። ትኩስ ስለሆነ ዳር ዳሩን እየቆረሱ፣ እፍ እፍ እያሉ፣ ከመሐሉ ቅቤ እያጠቀሱ ይበላል። በትግራይ ጋዓት የሚባለው ይኸው ምግብ ሲሆን እርጎ በዙሪያው ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ በኦሮሚያ ማርቃ ይባላል። ወይናደጋና ቆላ ሲወረድ እህሉ ይለወጣል፦ በጎጃም ዳጉሳ ይገባበታል፣ ማሽላ በሚበቅልበት የማሽላ፣ በቆሎ በሚበዛበት የበቆሎ ገንፎ ይሠራል። በጉራጌና በሌሎች የእንሰት አገሮች ደግሞ ቡላ አለ። ቡላ ከተፋቀው እንሰት ተጨምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ሲዘቅጥ ከታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ነው፤ ስታርች ብቻ ስለሆነ ሲበስል እንደ ገብሱ አይደነድንም፣ የሚያንጸባርቅና የሚሳብ ይሆናል፤ ቅቤ ሲገባበትም ሳይታኘክ ይወርዳል። በገብስ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ የቡላ ልስላሴ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ለታመመና ለተዳከመ ሰው ከቡላ የሚሻል ገንፎ አለ ብዬ አላምንም። ቡላም ቢሆን የአንድ ማለዳ ሥራ አይደለም። እንሰቱ ለመፋቅ እስኪደርስ የሚቆጠረው በዓመታት ነው።

ቅቤውና በርበሬውም የራሳቸው ወራት አሏቸው። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በአብሽ፣ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይነጠራል፤ ውሃውና አይቡ ስለሚወጣለት ሳይበላሽ ይቆያል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ታምሶ የሚፈጨው በበጋ ነው፤ ክረምት ከገባ የሚያደርቅ ፀሐይ የለም። የገንፎ በርበሬ ከወጥ በርበሬ ይለያል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ገንፎ ላይ የሚገባው በርበሬ ስለማይቁላላ ጉድለቱ ሁሉ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ጨውና ቅመሙ የተመጠነ፣ ዱቄቱም የላመ መሆን አለበት። ሚጥሚጣ የሚጨምሩበትን አላወግዝም፤ ግን የገብሱን መዓዛ ይገድለዋል፤ እርሱ ከሞተ ደግሞ ያ ሁሉ መፈተግና ማመስ ለምን አስፈለገ?

በሶ የዚህ ሁሉ አሠራር ጫፍ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ለማለዳ ምንም ሥራ አያስቀርም። ገብሱ እስኪበስል ተቆልቶ ስለተፈጨ ዱቄቱ እሳት አይፈልግም። በውሃ ተበጥብጦ በማር ወይም በስኳር ይጠጣል፤ በጥቂት ውሃና ጨው ታሽቶ ጭብጦ ይሆናል፤ በቅመም ቅቤ ሲለወስ ደግሞ ጭኮ ይሆናል። በትግራይ፣ በተለይም በዓጋመ አካባቢ፣ ከተቆላ ገብስ ዱቄት ተድቦልቡሎ በሥጋ ወጥ የሚበላው ጥሕሎም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዘማች ወደ ዐድዋ ሲሄድ ከድርቆሽና ከቋንጣ ጋር በስልቻው የያዘው በሶ ነበር፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሻንጣ ውስጥ እናቱ ከሁሉ በፊት የምታስገባው እርሱን ነው። ሁለቱም የተሸከሙት የእናቶቻቸውን የበጋ ሥራ ነው።

ቅንጬን በአጭሩ ላንሣው። የተፈተገ ስንዴ ወይም ገብስ ተከክቶ ይቀመጣል፤ ማለዳ ታጥቦ በጨው ይቀቀላል፣ ውሃውን ሲጨርስ ቅቤ ይገባበታል። በቅንጬ ላይ ያለኝ አስተያየት አንድ ብቻ ነው፦ ውሃው ቀርቶበት ሾርባ የሚመስለውን ቅንጬ አልወድም፤ ፍሬው ለየብቻው መቆጠር አለበት። ፍርፍር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ዝግጅት የሚፈልገው ነው፤ የትናንቱ እንጀራ ይበቃዋል። ያም ቢሆን ለእንጀራው ሊጡ ቀናት እንደቆየለት፣ በማጣፈጫ የገባው ድልህ ወይም ቋንጣ ደግሞ ሳምንታት እንደቆየለት መርሳት አይገባም። የተረፈው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ደግሞ ፍርፍሩም ለወራት የሚቀመጥ ቁርስ ይሆናል።

ጨጨብሳ ብቻ ነው ይህን አባባሌን የሚፈትነው። ዱቄት በውሃ ይቦካል፣ ምጣድ ላይ ቂጣ ይጋገራል፣ ገና በትኩስነቱ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይለወሳል፤ ከላይ ማር ቢጨመርበትና እርጎ በጎን ቢቀርብ ደግሞ የእንግዳ ቁርስ ይሆናል። ዱቄቱ ከሱቅ የተገዛ የስንዴ ዱቄት ቢሆንም እንኳ ያምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጨብሳ ገንፎን ከየቁርስ ቤቱ እየገፋው የመጣው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ቅቤው ጥሩ ከሆነ የቀረውን ይሸፍንለታል። ገንፎ ግን ጥሩ ቅቤ አፍስሰውበት እንኳ የዱቄቱን ጉድለት አይሸሽግም።

በጾም ወራት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በላይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ጾመኛ ቤት ውስጥ ማለዳ እሳት የሚነድደው ለሕፃናትና ለሕመምተኞች ብቻ ነው። የሌላው ሰው ቁርስ ወደ ቀትር ወይም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሻገራል፤ ቅቤና እርጎም ይቀራሉ። ያን ጊዜ ገንፎው በኑግ ዘይት፣ ወይም ተቆልቶ በተወቀጠ ተልባ ይበላል፤ ፍርፍሩ የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። የጾም ገንፎ ከፍስኩ ያንሳል የሚለውን አልቀበልም። ቅቤ የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ የገብሱን ጣዕም ከሁሉ አጥርቼ የማገኘው በጾም ነው፤ የተልባው ቅባትም ከታመሰ ገብስ ጋር የሚስማማ የራሱ መዓዛ አለው። ለምን በፍስክ ቀን ተልባውን እንደምንረሳው አላውቅም።

ገንፎ ግን የቁርስ ምግብ ብቻ አይደለም። ሴት በወለደች ዕለት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ የሚቋደሱት እርሱን ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ዝግጅትም እዚህ ላይ ነው። ነፍሰ ጡሯ ወሯ ከመግባቱ በፊት የገንፎው እህል ተፈትጎ ተፈጭቷል፣ የአጥሚቱ አጃና ገብስ ተዘጋጅቷል፣ ቅቤው ተነጥሮ በቅል ወይም በማሰሮ ተቀምጧል። እናቷ ሩቅ ከሆነች በሰው እጅ ትልካለች፤ እናት ከሌላት አክስት ወይም ጎረቤት ትተካለች። ልጁ ገና ሳይወለድ የሚጠብቀው ምግብ አለ። ለእናቲቱ ወፍራሙ ገንፎ ጉልበት፣ ሞቅ ያለው አጥሚት ደግሞ ለጡት የሚሆን ፈሳሽ ነው። አራስን መጠየቅ የሚመጣ ሰው የሚቀርብለትም ከዚያው ነው፤ ስለዚህ የሚዘጋጀው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሰፈር ነው።

ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ገንፎ ወደ እርሱ ይመጣል። እዚህ ላይ የልማድ ምርጫችን መለወጥ እንዳለበት አምናለሁ። ብዙ እናቶች ለሕፃን ቀጠን ያለ ሙቅ ይመርጣሉ፤ ወፍራሙ ያንቀዋል ብለው ይፈራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ የማይፈስ ወፈር ያለ እንዲሆን ይመክራሉ፤ ምክንያቱም የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ ቀጭኑ ሙቅም ሆዱን በውሃ ሞልቶ ከጉልበት ያጎድለዋል። በወላጆቼ ዘመን በስዊድን ትብብር የተጀመረው ፋፋ፣ የእህልና የጥራጥሬ ዱቄትን በማዋሐድ ያው ሐሳብ በከረጢት የቀረበበት ነበር። ዛሬ ደግሞ ገበያ ላይ እስከ አሥርና ከዚያ በላይ እህል የተቀላቀለበት የሕፃናት ምጥን ይሸጣል። የእህሉ ብዛት አያስደስተኝም። አንዱ ቀድሞ ይበስላል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ መታመስ ነበረበት፣ ሌላው መቆላት፤ ሁሉም በአንድ ምጣድ ሲያልፍ አንዳቸውም በልካቸው አይዘጋጁም። በተለይ ለውዝ ከገባበት፣ ለውዙ ሻጋታ ያልነካው መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመቁላት ብቻ አይጠፋም። ሁለት ወይም ሦስት እህል ከአንድ ጥራጥሬ ጋር፣ ለየብቻ ተዘጋጅቶ ቢቀላቀል ይበቃል፤ ላዩ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት፣ የተፈጨ አትክልት ወይም እንቁላል ይጨመርበት።

በከተማ የምንኖር ሰዎች የበጋውን ሥራ ከቤታችን አውጥተነዋል። አፓርታማ ውስጥ ሙቀጫ የለም፤ ቢኖርም የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ይቀየማል። እህል የሚሰጣበት ግቢም የለም። ሥራው ግን አልቀረም፤ ሠሪው ነው የተለወጠው። ሾላም፣ መርካቶም፣ ሳሪስም በየባልትና ቤቱ በላስቲክ ታስሮ የምናየው በሶ፣ የቅንጬ ክክ፣ የገንፎ ዱቄትና አጃ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ የለቀመችው፣ ቆማ የፈተገችው፣ ጭስ እየወጋት ያመሰችው ነው። ሰው ለማኪያቶ ሳያንገራግር የሚከፍለውን ለአንድ ኪሎ የገንፎ ዱቄት ሲከራከርበት ሳይ ቅር ይለኛል። ዋጋውን ዝቅ ማድረግ የሚቻለው መፈተጉን ወይም ማመሱን በመዝለል ነው፤ ያን ጊዜ የሚከስረው በይው ነው። እኔ በባልትና ቤት ስገዛ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ገብሱ ተፈትጓል ወይ፣ ታምሷል ወይስ ተቆልቷል? ሥራውን የምታውቅ ሴት ጥያቄው ደስ ያሰኛታል፤ እንዴት እንዳዘጋጀችው በዝርዝር ትነግረኛለች፣ ከዱቄቱም በመዳፌ ላይ ጠብ አድርጋ ታሸተኛለች።

ከቤት ውጭ ቁርስ የሚበላው ሰውም ቢሆን የሚበላው የሌሎችን ሌሊት ነው። በየመንደሩ ቁርስ ቤት በማለዳ የሚቀርበው ፉል፣ ባቄላው ተዘፍዝፎ ሌሊቱን በዝግተኛ እሳት ሲንተከተክ ያደረ ነው። በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በቃሪያና በእርጎ ተደርጎ ከትኩስ ዳቦ ጋር ሲቀርብ ጥሩ ቁርስ ነው፤ የሰውን ኪስም አይጎዳም። ለቀን ሠራተኛ እስከ ቀትር የሚያቆመው እርሱ ነው። እንቁላል ስልሱና ፈጢራው የቅንጦት ሲሆኑ ፉል ግን የሥራ ምግብ ነው።

እህቴ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። መጀመሪያ አካባቢ ከአገር ቤት በሚላክላት ዱቄት ብቻ ነበር ገንፎ የምትሠራው፤ ሲያልቅባት ደግሞ የአሜሪካኖቹን አጃ ትቀቅላለች። የእነርሱ አጃ በእንፋሎት በስሎ የተዳጠ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ ለአጥሚት ይሆናል፣ ለገንፎ ግን አይቆምም። አሁን ሌላ ዘዴ አግኝታለች። እዚያ ሱፐርማርኬት ለሾርባ የሚሸጠው ገብስ ልብሱ ተፍቆ የወጣ ነው፤ ይህ ማለት መፈተጉ አስቀድሞ ተሠርቶላታል። እርሷ በትሪ አሳስታ ዘርግታ ምድጃ ውስጥ በመካከለኛ ሙቀት እያገላበጠች ታምሰዋለች፤ ሽታው ሲለወጥ አውጥታ ፍሬውን በጥርሷ ትሰብራለች፣ ልክ እንደ አያታችን። ከቀዘቀዘ በኋላ በቅመም መፍጫ በጥቂት በጥቂቱ ትፈጨዋለች። መፍጫው ስለሚሞቅ በመሐል ማሳረፍ ግድ ነው፤ ዱቄቱም ሁለት ጊዜ መነፋት አለበት፣ አለዚያ ሻካራውና የላመው ተደባልቆ ይቀራል። ሻካራው ተለይቶ ለቅንጬ ይውላል።

ባለፈው ክረምት መጥታ የሠራችውን በላሁ፤ አያያዙም መዓዛውም የእኛው ገብስ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ቅቤው ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድላል አለችኝ። ከተመለሰች በኋላ በስልክ ቅመሙን አንድ በአንድ ስትቆጥርልኝ ኮሰረት እንደሌለበት ገባኝ፤ እዚያ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ሁልጊዜ አይገኝም። ደርቆ የታሰረ ኮሰረት ገዝቼ ወደ እርሷ በሚሄድ ሰው እጅ ልኬአለሁ፤ ቅቤው እሳት ላይ ሳለ መጨረሻ አካባቢ እንድትጨምረው፣ አስቀድሞ ከገባ እንደሚመር ነግሬአታለሁ።